የመጀመሪያ ሳይለንሰር ለአደን ጠመንጃ፦ ለ6.5 ክሪድሞርና ለ308 የሚሆን የቱ ነው?

ናሆም_ጋርላንድ (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ሰላም ወገን። አፈሙዝ ላይ እየታሰረ የተኩስ ድምፅ የሚቀንሰውን ሳይለንሰር መግዛት ፈልጌ «200 ዶላር የመንግሥት ግብር ከፍዬ ስንት ወር ልጠብቅ ነው» እያልኩ ለዓመታት ስተወው ኖሬ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግብሩ ዜሮ ሲሆን ሰበብ አጣሁ። አሁን ልገዛ ነው፤ ግን ባነበብኩ ቁጥር ግራ መጋባቴ ጨመረ።

ያለኝ ጠመንጃ ቲካ ቲ3ኤክስ ነው፣ 6.5 ክሪድሞር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ በእጅ እያቀባበሉ የሚተኮሰው። አፈሙዙ ላይ ከፋብሪካ 5/8×24 ጥርስ (ስፋቱ 5/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ) ወጥቶለታል። ለከርሞ 308 እጨምራለሁ፣ ምናልባት በራሱ የሚያቀባብል። የማድነው አጋዘን ነው፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ የእርሻው ባለቤት እየለመነን አሳማ እናጠፋለን። ለ30 ካሊበር፣ ማለት እንደ 308 ላለ ወፍራም ጥይት፣ የተሠራውን ባለ30 ልግዛ ወይስ ለ6.5 ብቻ የተሠራውን? በጥርስ የሚጠመዘዝ ይሻላል ወይስ ቶሎ የሚፈታው? ወረቀቱንስ በስሜ ላድርገው ወይስ ትረስት (ንብረት በጋራ የሚያዝበት ሕጋዊ ሰነድ) ላቋቁም? እስከ 1,000 ዶላር ይዣለሁ።

የአባይ_ማዶ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ባለ30 ግዛ። ጨርሰናል፣ ሃሃ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ለ30 ካሊበር በተሠራ ሳይለንሰር 6.5 ይሁን 270፣ 7 ሚሊ ሜትር ይሁን 223 ይተኮስበታል፤ ጥይቱ ከቀዳዳው እስከ ቀጠነ ድረስ ችግር የለም። ግልባጩ ግን አደጋ ነው። ለ6.5 በተሠራው ላይ 308 ብትተኩስበት እቃው ይበጣጠሳል፣ አንተም አትተርፍ ይሆናል። በሰፊው ቀዳዳ 6.5 ስትተኩስ የምታጣው ትንሽ የድምፅ ቅነሳ ነው፤ ጆሮህ ልዩነቱን ለይቶ ያውቀዋል ብዬ አላስብም።

ደግሞ አንድ ነገር አስብ፦ ይሄ እንደ መነጽር ሰለቸኝ ብለህ ነገ የምትሸጠው አይደለም። ለሌላ ሰው ለማዛወር እንደገና ፎርም፣ እንደገና አሻራ፣ እንደገና ጥበቃ ነው። ግብሩ ቀረ እንጂ ምዝገባው አልቀረም። የገዛኸው አብሮህ ሊያረጅ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ላለህ ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ወደፊት ለሚመጣውም የሚሆን ምረጥ።

ዳዊት_ዘማናሳስ (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ የአባይ ማዶ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ናሆም 308 ገና አልገዛም። ስንቱ ሰው ነው «ለከርሞ» ብሎ ሳይገዛ የሚቀረው? በእጁ ያለው 6.5 ነው። ለ6.5 የተሠራው ትንሽም ቢሆን ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዱም ይቀላል። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሁለት አውንስም ይቆጥራል።

የአባይ_ማዶ

ቴክሳስ ውስጥ ተሸክሞ የሚሄድ አዳኝ አሳየኝ። ማማ ላይ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ አይደል እንዴ የሚጠብቀው!

ናሆም_ጋርላንድ

ሃሃ፣ ቡናውን ማን ነገረህ?

ሊሊ_ኤም (ሴይንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

እኔ የመስሚያ ምርመራ ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴ ያድናል፤ እኔ የማየው ደግሞ ካደኑ በኋላ የሚመጡትን ጆሮዎች ነው። ስለዚህ ከሥራዬ በኩል ያለውን ልናገር።

እንደ 308 ያለ ጠመንጃ ያለ ሳይለንሰር ሲተኮስ አፈሙዙ አካባቢ ከ160 ዴሲቤል በላይ ነው። ጥሩ ሳይለንሰር ከዚያ ላይ ከ25 እስከ 35 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ቢመስልም ሲቀነስ የሚቀረው 130ዎቹ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ለቅጽበታዊ ድምፅ ያስቀመጠው ጣሪያ 140 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎ የሚደመር ስላልሆነ በየ10ሩ የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይለወጣል፤ ስለዚህ 30 መቀነስ ማለት 1,000 እጥፍ መቀነስ ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ፊልም ላይ እንደምናየው «ፍፍት» ብሎ የሚያልፍ አይደለም።

ደግሞም ሳይለንሰር የሚይዘው ከአፈሙዙ የሚፈነዳውን ጋዝ ብቻ ነው። ጥይቱ ከድምፅ ፍጥነት፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ ሲበር አየሩን እየሰነጠቀ የሚያሰማው ጩኸት አለ። የ6.5ም የ308ም የአደን ጥይት ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል። ያንን ጩኸት ምንም ዓይነት ሳይለንሰር አይነካውም።

ልምምድ ቦታ ስትሄዱ የጆሮ መከላከያችሁን አታውልቁ። አጋዘን ላይ አንዴ ተኩሶ ለሚመለስ ሰው ሳይለንሰሩ ብዙ ያድነዋል፤ ሌሊት አሳማ ላይ ደጋግሞ ለሚተኩስ ግን ብቻውን አይበቃም። ጆሮው ቀን ከሌት ጭው የሚልበት ሰው ሁሉ «አንድ ቀን ብቻ ነው ሳላደርግ የተኮስኩት» ነው የሚለኝ፣ እኔም አላምነውም።

ናሆም_ጋርላንድ

እህቴ ሊሊ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የጆሮ መከላከያው ይቀራል ብዬ ነበር የምገዛው እኮ።

ጋሽ_ቶርኖ (ዴንቨር)

ልጆች፣ ስለ ካሊበር የተባለው ልክ ነው፣ ባለ30 ይሁን። እኔ ግን ዕድሜዬን ቶርኖ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ማንም ያልጠየቀውን ልናገር፦ ጥርሱን።

ሰው ስለ ሳይለንሰሩ ወር ሙሉ ያነብና ስለ አፈሙዙ አንድ ቀን አያስብም። ሳይለንሰር ከበርሜሉ ቀዳዳ ጋር በአንድ መስመር ካልቆመ ጥይቱ የውስጡን መከለያዎች፣ ባፍል የሚባሉትን፣ ይመታል። የሚያስቆመው ደግሞ ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ከጥርሱ ኋላ ያለው ትከሻ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ንጹሕ መሆን አለበት። ጥርሱ ከበርሜሉ የውጭ ገጽ ጋር ሳይሆን ከውስጥ ቀዳዳው ጋር ተስተካክሎ መውጣት አለበት፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከፋብሪካ የወጣ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ያም ሆኖ ለ6.5 የተሠራች ቀጥ ያለች የመለኪያ ዘንግ ግዛ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተህ፣ ዘንጓን በአፈሙዙ አስገብተህ፣ ከሳይለንሰሩ ጫፍ ስትወጣ መሀል ላይ መሆኗን ተመልከት። ወደ አንድ ጎን ተጠግታ ካየሃት አትተኩስ።

ሌላው፣ የጥርስ ልክ የካሊበር ምስክር አይደለም። 5/8×24 በአብዛኛው የ30 እና የ6.5 ነው፣ 1/2×28 በአብዛኛው የ223 ነው። «በአብዛኛው» ነው ያልኩት! ቀጭን በርሜል ያለው የ30 ጠመንጃ 1/2×28 ወጥቶለት አይቻለሁ። ጥርሱ ስለገባ ብቻ የ223 ሳይለንሰር የሚያስርበት ሰው አይጠፋም። እቤታችሁ ሁለት ሳይለንሰር ካለ በቀለም ምልክት አድርጉበት።

አሁን ወደ ማሰሪያው። ቀጥታ በጥርስ የሚጠመዘዘው ቀላልና ርካሽ ነው፣ ለአንድ ጠመንጃ ይበቃል። ጉዳቱ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ይላላል፤ ላላ ማለት ከመስመር ወጣ ማለት ነው። በየጥቂት ጥይቱ፣ እጅህ እንዳይቃጠል ተጠንቅቀህ፣ ጥብቅ ማለቱን አረጋግጥ። ቶሎ የሚፈታው ደግሞ በየጠመንጃው አፈሙዝ ላይ የራሱ ማሰሪያ ይፈልጋል፤ ክብደትም ዋጋም ይጨምራል። እኔ የምለው መካከለኛው መንገድ ነው፦ ከኋላው 1.375×24 ጥርስ ያለው፣ ሰዎች «ሀብ» የሚሉትን ግዛ። ብዙ አምራቾች የተስማሙበት ልክ ስለሆነ ዛሬ ቀጥታ የሚጠመዘዘውን ማያያዣ ታደርግበታለህ፣ ነገ 308 ስትገዛ ቶሎ በሚፈታው ትለውጠዋለህ። የተመዘገበው ሳይለንሰሩ እንጂ ማያያዣው ስላልሆነ ለለውጡ ፎርም የለበትም።

ብረቱም ሰውን ያምታታል። ታይታኒየም ቀላል ነው፤ በእጅ እያቀባበለ አንድ ሁለት ለሚተኩስ አዳኝ ከሱ የሚሻል የለም። እጅግ ሲሞቅ ግን ይደክማል፣ ሌሊትም ብልጭታ ይረጫል። በፍጥነት ደጋግሞ ለሚተኮስበት የማይዝግ ብረት፣ ኢንኮኔል ወይም ስቴላይት ይመረጣል፤ ይከብዳል ግን ይችለዋል። አንተ ሁለቱንም ልታደርግ ነው የምትፈልገው። ስለዚህ እንደ ዴድ ኤር ኖማድ 30 ያለ፣ ስቴላይትና የማይዝግ ብረት የተቀላቀለበት፣ ርዝመቱ 6.5 ኢንች ገደማ፣ ክብደቱ 14.5 አውንስ ገደማ የሆነ ይስማማሃል። ለአጋዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ የዋዮሚንጎቹን የተንደር ቢስት አልትራ እልህ ነበር። ባኒሽ 30 የሚባለውም አለ፣ ታይታኒየም ነው፤ 9 ኢንች ነው፣ አንዱን ክፍል ስትፈታለት 7 ይሆናል።

ናሆም_ጋርላንድ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ ሰው የለም። ሱቅ ውስጥ ያነጋገረኝ ልጅማ ስለ ጥርስ ስጠይቀው በጣም ውድ የሆነውን ብቻ ነው ያሳየኝ። አንድ ጥያቄ፦ አጭሩና ረጅሙ በድምፅ ይለያያሉ?

ጋሽ_ቶርኖ

ይለያያሉ። ጋዙ የሚበርድበት ቦታ በሰፋ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል። ግን 24 ኢንች በርሜል ላይ 9 ኢንች ጨምረህ ማማ ላይ ስትወጣ፣ ከመኪና ስትወርድ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትዞር እሱን ታስባለህ። አጭሩን ውሰድ። ቀጥሎ የምትገዛው 308 በርሜሉ 18 ወይም 20 ኢንች ይሁን፤ በአንድ ኢንች የምታጣው ፍጥነት በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ሜትር ገደማ ነው፣ አጋዘኑ አያውቅም። ከመግዛትህ በፊት ግን አምራቹ ለየካሊበሩ የወሰነውን ዝቅተኛ የበርሜል ርዝመት እይ፤ በጣም ባጠረ በርሜል ግፊቱ ከተፈቀደው ያልፋል።

ኪዳኔ_ሙኒክ (ጀርመን)

እኛ ጋ ያለውን ላካፍላችሁ። እዚህ ከ2020 ጀምሮ የአደን ፈቃድ ያለው ሰው ለአደን ጠመንጃው ሳይለንሰር መግዛት ይችላል፣ በመሣሪያ ካርዱ ላይ ይመዘገብለታል። ሰሜን አውሮፓ ደግሞ ከድሮም የተለመደ እቃ ነው፤ ፊንላንዶችና ኖርዌዮች ራሳቸው ይሠሩታል። እዚህ ለጆሮም ለውሻም ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ማንም እንደ ወንጀል መሣሪያ አያየውም።

የኛዎቹ ብዙዎቹ ወደ ኋላ ሄደው በርሜሉን የሚሸፍኑ ናቸው፤ ከአፈሙዙ ወደ ፊት የሚጨምሩት ርዝመት ትንሽ ስለሆነ ጫካ ውስጥ ይመቻሉ። ከዚህ ልታዘዝ የምትል ካለህ ግን ጥርሱ ላይ ተጠንቀቅ፣ እዚህ 15×1 ሚሊ ሜትር በብዛት አለ፤ ያንተ 5/8×24 አይገጥመውም።

የአባይ_ማዶ

ኪዳኔ፣ ከዚያ ማስመጣቱን እርሳው፤ የአሜሪካ ሕግ ለግለሰብ ከውጭ እንዲገባ አይፈቅድም። እዚሁ ይግዛ።

ብሩክ_22 (ዳላስ)

ወንድሞች፣ ለምንድነው ይሄን ሁሉ ገንዘብ የምታወጡት? ኢንተርኔት ላይ «የጽዳት ዕቃ» ተብሎ በ60 ዶላር የሚሸጥ ቱቦ አለ እኮ። ጓደኛዬ...

ጋሽ_ቶርኖ

ልጄ ብሩክ፣ አትንካው። ጓደኛህም ካለው ይጠንቀቅ። ያ እቃ ፅዳት ተብሎ ይሸጥ እንጂ መንግሥት የሚያየው ሌላ ነው፤ ከውጭ ሲገባ ሲያዝ፣ የገዙትም ቤት ሲንኳኳ ቆይቷል። ያልተመዘገበ ሳይለንሰር መያዝ በፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ዜጋ ያልሆንክ ከሆነ ደግሞ ከእስሩ በኋላ የሚመጣውን አንተው ታውቀዋለህ። 60 ዶላር ለማትረፍ!

ሰብለ_ዳላስ

ስለ ወረቀቱ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልሞክር። እኔና ባለቤቴ ያደረግነው ትረስት ነው።

በስምህ ብቻ ካስመዘገብከው፣ አንተ በሌለህበት ሚስትህ ካዝናውን ከፍታ ልትወስደው አትችልም፣ ወንድምህም ተውሶት ሊያድንበት አይችልም። አንተ አጠገቡ ካለህ ሊተኩስበት ይችላል፣ ይዞት መሄድ ግን አይችልም። በትረስት ከሆነ ስማቸው የገባ ኃላፊዎች ሁሉ ሊይዙት ይችላሉ። በለውጡ ግን ከ2016 ወዲህ እያንዳንዱ ኃላፊ አሻራና ፎቶ ያስገባል። ስለዚህ የአክስትህን ልጅ ሁሉ አትጻፍ፤ አንድ ሰው በዘገየ ቁጥር ሁላችሁም ትዘገያላችሁ። መሞት አይቀርምና፣ ትረስት ለወራሾችም ነገሩን ያቀልላል።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ሰዎች «ለኛ አይፈቀድም» ስትሉ እሰማለሁ። ቋሚ ነዋሪ መግዛት ይችላል፤ ፎርሙ ላይ የኤሊየን ቁጥራችሁን ትሞላላችሁ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ነገሩ ይለያል፤ ጠበቃ ሳያማክር ሱቅ አይግባ። የመግዣ ማመልከቻውን፣ ፎርም 4 የሚባለውን፣ በኢንተርኔት ነው የምትሞሉት፤ ድሮ ዓመት ይፈጅ የነበረው ከ2024 ወዲህ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ያልቃል።

ደግሞ ስምንት ግዛቶች ጭራሽ አይፈቅዱም። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኢሊኖይ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ዲሲም አይፈቅድም፤ ዳዊት፣ አንተ ከማናሳስ ለሠርግ ወደ ዲሲ ስትሄድ መኪናህ ውስጥ እንዳትረሳው።

ዳዊት_ዘማናሳስ

ለሠርግ ጠመንጃ ይዤ የምሄድ አስመሰልሽኝ እኮ እህቴ! ጎጃም መሰለሽ?

ብሩክ_22

እሺ ጋሼ፣ ተውኩት። ሌላ ጥያቄ፦ በሕጋዊ መንገድ ገዝቼው ጎንደር ላለው አጎቴ ይዤለት ብሄድስ? ምንሽሩን እስካሁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው።

ሰብለ_ዳላስ

ኧረ በስመ አብ! ያለ መንግሥት የመላኪያ ፈቃድ ከአሜሪካ ማውጣት ራሱ ከባድ ወንጀል ነው፣ እዚያ የሚጠብቅህን ሳንቆጥር። ለአጎትህ ጋቢ... አይ እሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ጃኬት ውሰድለት።

መምሬ_ልጅ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

ከርዕሱ ልውጣና፣ አሳማውን ምን ታደርጉታላችሁ? አትበሉት መቼም።

ናሆም_ጋርላንድ

አሳማውን የእርሻው ባለቤት ነው የሚወስደው፤ እኛ እጃችንንም አንነካበትም። አጋዘኑ ግን የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ ስለሆነ ይበላል፤ ገና ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስንበት በስመ አብ ብለን እንባርከዋለን። እዚህ የአጋዘን አደን በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይከፈታል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ሦስት ሳምንት ገደማ አለን። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ እስከ ገና ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ ጥብሱን እያሰቡ መጾም ነው።

የአባይ_ማዶ

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ናሆም፣ 308ቱን በራሱ የሚያቀባብል አደርገዋለሁ ብለሃል። እሱ ላይ ሳይለንሰር ስታስር ጋዙ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጠመንጃው በኃይል ይሠራል፣ ቀለሁን ሩቅ ይወረውራል፣ ጭሱም ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ጋዙን በብሎን የምታስተካክልበት ጠመንጃ ምረጥ። ጋዙን ወደ ፊት የሚያሳልፉ ሳይለንሰሮችም አሉ፣ እነሱ ግን በእጅ ለሚያቀባበለው ቲካህ የሚጨምሩለት ነገር የለም። ለሱ ሲባል ሁለተኛ ሳይለንሰር አትግዛ፣ ጠመንጃውን አስተካክል።

ዳዊት_ዘማናሳስ

308ቱ እውነት ከመጣ ባለ30 ይሁን፣ ተቀብያለሁ። አሁንም ግን የኔን የ6.5 በሱ አልለውጥም።

ናሆም_ጋርላንድ

ወሰንኩ። ባለ30፣ አጭሩ፣ «ሀብ» ጥርስ ያለው፣ ለጊዜው ቀጥታ በሚጠመዘዝ ማያያዣ። ትረስቱ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ብቻ። የተረፈችኝ ገንዘብ የመለኪያ ዘንግና ደህና የጆሮ መከላከያ ትገዛለች።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ አንዴ ካሰርኩት ሁልጊዜ እላዩ ላይ ልተወው ወይስ ልፍታው? መነጽሩንስ እንደገና ላስተካክል?

ጋሽ_ቶርኖ

መነጽሩን ሳይለንሰሩ እንደታሰረ አስተካክል። ያ ሁሉ ክብደት አፈሙዙ ላይ ሲንጠለጠል ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ጠመንጃ በጣት ስፋት፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ። ሳይለንሰሩን ስትፈታ የት እንደሚመታም ተኩሰህ እየው፣ ሰደፉ ላይ በወረቀት ለጥፈው። ምቱ ከበፊቱ እንደሚለሰልስ ግን ከወዲሁ እወቅ፤ ልጅህን ማስተማር ካሰብክ የምትደሰተው በዚህ ነው።

ከአደን ስትመለስ ፍታው። ባሩድ ሲቃጠል ውኃም ይወጣዋል፤ ያ እርጥበት ሳይለንሰሩ ውስጥ ቆይቶ ወደ በርሜሉ ይወርድና ዝገት ይጀምራል። ስትፈታው ቀዝቅዞ ይሁን፤ ትኩሱን ናይሎን ቦርሳ ውስጥ ብትከተው ቦርሳው ይቀልጥበታል። ጥርሱን በጨርቅ ጥረግ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀባው፤ ያለዚያ ጥላሸቱ ይጋግርና በሞርሳ ካልሆነ አልፈታ ይላል። ውስጡን ግን አትጎርጉር፤ የትልቅ ጠመንጃ ሳይለንሰር ግፊቱ ራሱ ብዙውን ይጠርገዋል።

ብሩክ_22

ጋሼ፣ ስለ ጽዳት ካነሱ አይቀር፣ እኔ ያለኝ 22 ናት። ለሷም እንደዚሁ ነው?

ጋሽ_ቶርኖ

አይደለም። የ22 ጥይት እርሳሱ የተራቆተ ስለሆነ ሳይለንሰሩን ቶሎ ይሞላዋል፤ ተፈትቶ የሚታጠብ ነው የምትገዛው። ለሱ ሌላ ክር ክፈትና ስለ እሷ እዚያ እንነጋገራለን።